አንድ በሶ፣ አራት ስም?

ጥያቄው፦ «ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ የእህል ማቀነባበሪያ አለን። በሶ፣ የገብስ ቅንጬና የሾርባ እህል አሽገን እንሸጣለን። አሁን ጣርማ በርን ወርደን ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬና ከሚሴ መግባት እንፈልጋለን። ማስታወቂያ የሚሠራልን ልጅ ‹ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ለጥቁሩ፣ ለነጩ፣ ለላቲኑ እየለዩ ነው የሚሸጡት። እኛም ለአማራው፣ ለኦሮሞው፣ ለአፋሩና ለአርጎባው የተለያየ ስምና ማሸጊያ እናውጣ። ፌስቡክ ላይም በብሔር ለይተን እናስተዋውቅ› ይላል። አጎቴ ደግሞ ‹በዚህ ጊዜ ብሔር የሚባል ነገር አትነካኩ። በአማርኛ ብቻ ጽፋችሁ ሽጡ› ይላሉ። የማንን እንስማ?»

የሁለቱንም አትስሙ። ልጁ የሰውን ብሔርና የሰውን ፍላጎት አንድ አድርጎታል። አጎትዎ ደግሞ ሰውን በቋንቋው ማናገርን ብሔር ከመነካካት ጋር ቀላቅለውታል። ሁለቱም ስህተት ገንዘብ ያስከፍላል። የልጁ ግን ከገንዘብ ያለፈ ነገር ሊያስከፍል ስለሚችል እሱን በደንብ እናየዋለን።

በመጀመሪያ ስለ ውጭ ኩባንያዎች የነገራችሁ ታሪክ ግማሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ፔፕሲ ኮላ ኤድዋርድ ቦይድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቀጥሮ ለጥቁሮች ገበያ የሚሠራ የሽያጭ ቡድን አደራጀ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ማስታወቂያ ላይ ጥቁር ሰው ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ አገልጋይ ሆኖ ወይም መሳቂያ ሆኖ ነበር። የቦይድ ቡድን ጥቁር ቤተሰብን እንደማንኛውም ደህና ቤተሰብ አድርጎ አሳየ። እናት ከልጇ ጋር፣ ንጹሕ ለብሰው፣ በቤታቸው። ሻጮቹም ወደ ጥቁሮች ሰፈር፣ ኮሌጅና ቤተ ክርስቲያን ራሳቸው ሄዱ። ሽያጩ አደገ። ልብ ይበሉ፣ መጠጡ አልተቀየረም። ስሙም አልተቀየረም። «የጥቁሮች ፔፕሲ» የሚባል ጠርሙስ አልወጣም።

ሌላውን ግማሽ ደግሞ እንይ። አር ጄ ሬይኖልድስ የተባለው የሲጋራ ኩባንያ «አፕታውን» የሚል ሲጋራ በተለይ ለጥቁር አሜሪካውያን ብሎ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1990 መጀመሪያ ፊላደልፊያ ላይ ሊሞክረው ነበር። የከተማዋ የጤና ሰዎችና የሃይማኖት መሪዎች ተቃውመው ተነሡ። የአገሪቱ የጤና ሚኒስትር ሉዊስ ሱሊቫን፣ እሳቸውም ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ናቸው፣ በአደባባይ አወገዙት። ኩባንያው ሲጋራው ገበያ ሳይወጣ ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ ለጥቁርና ለላቲን ተበዳሪዎች ከነጮቹ የከበደ ብድር ሰጥቷል ተብሎ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን ቢያንስ 175 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በሦስቱም ታሪክ ውስጥ አንድ ማኅበረሰብ ተለይቷል። የሚለያቸው ለተለየው ሰው የቀረበለት ነገር ነው። ፔፕሲ ያንኑ ዕቃ ከአክብሮት ጋር አቀረበ። ሌሎቹ ግን የሚጎዳ ወይም የከፋ ነገር ለእሱ ለይተው አቀረቡ ተባሉ። ማስታወቂያ ሠሪያችሁ የሚላችሁ የፔፕሲን መንገድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ብሔር ለብቻው ስምና ማሸጊያ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። የእናንተ አካባቢ ደግሞ ይህን አይሸከምም።

ለምን እንደማይሸከም ሰንበቴን እንውሰድ። የእሁዱን ገበያ ያውቁታል ብዬ አስባለሁ። አፋሩ ከቆላው ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል። ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ነጋዴው በአንድ ቀን በሁለትና በሦስት ቋንቋ ይሸጣል። እዚያ ያሉ ሰዎች አንድ መደዳ ላይ ቆመው ነው የሚገዙት። እንግዲህ ያንኑ የደብረ ብርሃን በሶ፣ ከአንድ ወፍጮ የወጣውን፣ በአራት ስም አሽጋችሁ እዚያ አደረሳችሁ እንበል። በመጀመሪያው እሁድ አራቱም ጥቅል ጎን ለጎን ይቀመጣል። ከጀርባው የአምራቹ ስም አንድ ነው። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ነው ደህናው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ለእኛ የመጣው የተረፈው ነው?» ይላል። መልሳችሁ እውነት ቢሆንም ማንም አያምናችሁም። ሁለት ስም ያወጣ ነጋዴ የሚደብቀው አለው ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ደግሞ በማንኛውም ቦታ የሚነሳ ተራ ወሬ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያዩ ሰዎች ናቸው ደንበኞቻችሁ የሚሆኑት። ከሁሉም ወገን ቤቱን፣ ሱቁን፣ ወገኑን ያጣ አለ። በዚያ መንገድ ላይ «ይሄ የእነሱ ነው፣ ይሄ የእኛ ነው» የሚል መለያ በምግብ ላይ ለጥፎ መሄድ ለማንም አይጠቅምም። አንዱን ጥቅል ይዞ የተገኘ ሰው በያዘው ዕቃ ማንነቱ እንዲታወቅ ታደርጋላችሁ። እኔ ይህን ከሽያጭ በፊት አስቀድሜዋለሁ፤ እናንተም አስቀድሙት።

በአገራችን ኩባንያዎች ያለ ሐሳባቸው እንኳን በብሔር ክርክር ውስጥ ገብተው ያውቃሉ። በ2006 ዓ.ም. በሄኒከን ሥር ያለው በደሌ ቢራ የአንድ ታዋቂ ድምፃዊ የኮንሰርት ጉዞ ስፖንሰር ሊሆን ተዘጋጅቶ ነበር። ድምፃዊው ተናገረ በተባለ፣ እሱ ግን አላልኩም ባለው ንግግር የተነሳ፣ ቢራው እንዳይጠጣ በኦሮሞ ወጣቶች ዘንድ ዘመቻ ተከፈተ። ኩባንያው ስፖንሰርነቱን ተወ። ይኼኔ ደግሞ የድምፃዊው አድናቂዎች ተቆጡ። ትልቅ ኩባንያ ነው፣ አለፈው። አንድ ወፍጮና ጥቂት ሠራተኛ ያለው ቤት ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚያልፍበት አቅም የለውም።

ሁለተኛው የልጁ ስህተት ብሔርን ካወቅሁ ቋንቋውንም ምርጫውንም አወቅሁ ማለቱ ነው። አርጎባን ይመልከቱ። አልዩ አምባና አንኮበር አካባቢ ያለው አርጎባ አማርኛ ነው የሚናገረው። ወደ ከሚሴው በኩል ኦሮምኛ የሚናገር አለ። የራሱን የአርጎባ ቋንቋ እንደ ሾንኬ ባሉ መንደሮች ያቆየም አለ። «የአርጎባ ማሸጊያ» ሲል በየትኛው ቋንቋ ሊጽፈው ነው? ከሚሴ ላይ አማርኛም ኦሮምኛም እኩል የሚናገር ባለሱቅ ሞልቷል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙስሊም አማራ አለ፣ ክርስቲያን ኦሮሞ አለ። በብሔር የተሰነጠቀው ሥዕል እዚያ መሬት ላይ የለም።

ፌስቡኩም ቢሆን የሚለውን አያደርግለትም። አሜሪካ ውስጥ «የብሔር ዝምድና» በሚል ማስታወቂያ የሚለይበት መንገድ ነበር። ቤት አከራዮች ጥቁሮችን ከማስታወቂያቸው ለማስቀረት ሊጠቀሙበት ይችላሉ ተብሎ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ውዝግብና ክስ አስነሳ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዘር፣ ከሃይማኖትና ከፖለቲካ አቋም ጋር የተያያዙ ዝርዝር መምረጫዎችን አንስቷል። ከሚቀሩት መካከል ቦታ፣ ዕድሜና ቋንቋ አሉ። ቋንቋውም ቢሆን ሰውየው ስልኩን የሚጠቀምበት ቋንቋ እንጂ ቤቱ የሚናገረው አይደለም። የብዙ ሰው ስልክ እንግሊዝኛ ላይ ነው። «ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ዙሪያ» ብላችሁ በቦታ ብትመርጡ ይበቃችኋል።

ወደ አጎትዎ እንምጣ። ስጋታቸው ከፍቅርና ከልምድ የመጣ ነው፤ አላቃልለውም። ግን በአማርኛ ብቻ መጻፍ ከብሔር ነገር ውጭ መሆን አይደለም። የከሚሴ አካባቢ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ነው። ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ፣ በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። እዚያ ገብታችሁ በእነሱ ቋንቋ አንድ ቃል ካልጻፋችሁ ዝምታችሁ መልእክት አለው። ደግሞም ቋንቋ መጨመር ብርቅ ነገር አይደለም። ቴሌብር ሲጀመር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ ስም፣ አንድ አገልግሎት፣ ብዙ ቋንቋ። ብሔር ተነካካ ሲባል አልሰማሁም። የኦሮምኛ ጽሑፍ ያየ አማርኛ ተናጋሪ በሶውን ጥሎ አይሄድም። በቋንቋዋ ያነበበችው የከሚሴ እናት ግን ታስታውሰዋለች።

እውነተኛው የገበያ ልዩነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሰው በሶውን መቼና እንዴት እንደሚበላው እዩ። እዚህ ላይ ነው ጊዜያችሁን ማጥፋት ያለባችሁ። የገብስ ቅንጬ በዐቢይ ጾም በዘይት ይሠራል፤ ለፍስክ በቅቤ። ያው የተከካ ገብስ በረመዳን ለማፍጠሪያ ሾርባ ይሆናል። በሶ ለመንገደኛ፣ ለተማሪ፣ ለእርሻ የሚወጣ ሰው ስንቅ ነው። በ2017ና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት የሁለቱም ቤት ፍላጎት ባንድ ሳምንት ይመጣል፤ አስቀድሞ ያልፈጨ ባዶ መጋዘን ይዞ ይቀራል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ በ10 ወይም 11 ቀን ይቀድማል፤ በሌላ ዓመት ሁለቱ ይለያያሉ። የምርት ዕቅዳችሁን በሁለቱም የጾም ካላንደር ላይ ሥሩት። ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ከጥቅሉ ጀርባ ላይ የሚጻፈውም እዚህ ይወሰናል። ውስጡ ያለውን በሙሉ ጻፉ። ቅቤ ወይም ወተት ከገባበት ይጻፍ፤ የሚጾመው ክርስቲያን እሱን ነው የሚያየው። ሾርባው ውስጥ የሥጋ ማጣፈጫ የሚገባ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማን እንዳረደው የማያውቀውን ሥጋ አይቀምስም። ማጣፈጫው ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። የእኔ ምክር ሥጋ ነክ ነገር ጭራሽ እንዳታስገቡ ነው። ገብስ፣ አጃ፣ ቅመም፣ ጨው፤ በቃ። ያኔ አንዱ ጥቅል ሁሉም ቤት ይገባል። ጨረቃም መስቀልም መሳል አያስፈልጋችሁም።

የቆላው ሙቀትም አለ። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ለወራት ደህና የቆየ በሶ ሸዋ ሮቢት ሱቅ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ቶሎ ሊሻግት ይችላል። «ለቆላው የተረፈውን ይልካሉ» የሚለው ሐሜት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ላኪው ምንም ባያጠፋም። ስለዚህ የመጠቀሚያ ጊዜውን በቆላው ሙቀት ፈትኑት። ወፈር ያለ ላስቲክ ተጠቀሙ። በቀን የሚያልቅ ትንሽ ጥቅል አዘጋጁ። ከመኪና ኪራይ የመጣ የዋጋ ጭማሪ ካለ በከተማ ይለይ፤ በሰው አይለይ። አጣዬና ሰንበቴ መካከል የሚገርም የዋጋ ልዩነት ካለ፣ ሰዉ በአንድ ቀን ይሰማዋል።

ስለ ወጪ ልጁ ያሰበበት አይመስለኝም። አራት ዲዛይን ማለት አራት ጊዜ የማተሚያ ወጪ ነው። ማተሚያ ቤት ጥቂት ጥቅል አያትምም፤ አንዱ ሲያልቅ ሦስቱ መጋዘን ይቀመጣሉ። አራት ስም ማለት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አራት የንግድ ምልክት ማስመዝገብ፣ በየሰባት ዓመቱም አራቱንም ማሳደስ ነው። ለእናንተ አቅም አንድ ስም እንኳን በቂ ሥራ ነው።

ሕጉንም ላስታውስ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በሕዝቦች መካከል ጥላቻና ልዩነት የሚቀሰቅስ ማስታወቂያን ይከለክላል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ም አለ። የእናንተ ሐሳብ እዚያ አይደርስም። ግን ማስታወቂያ የሚሠራው ልጅ ለኦሮምኛው ገጽ አንድ ነገር፣ ለአማርኛው ገጽ ሌላ ነገር እየጻፈ፣ አስተያየት መስጫው ላይ የሚወርደውን ስድብ ሳያጠፋ ከተወው፣ ስማችሁ የሚነሳው ከዚያ ስድብ ጋር ነው። በሁሉም ቋንቋ የሚነገረው ነገር አንድ ይሁን።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ አፋሩን በጊሌና በግመል፣ የመንዙን ሰው በበርኖስ፣ ኦሮሞዋን በባህል ልብስ አሰልፎ «ሁላችንም እንወደዋለን» ማሰኘት ይቅር። ልብሱ የሚያኮራ ነው፤ ግን ሰውን ልብስ ብቻ ያደርገዋል። የአፋር ወጣት ጂንስ ለብሶ ስልኩን እየነካካ ነው ሰንበቴ የሚገባው። ቤተሰብ ማዕድ ላይ ተቀምጦ፣ ሹፌር በሶ ሲበጠብጥ፣ እናት ሾርባ ስታማስል አሳዩ። ደግሞም በሶ ሕዝብን ያስታርቃል የሚል ማስታወቂያ እንዳትሠሩ አደራ። ፔፕሲ በ2017 እ.ኤ.አ. ለተቃውሞ ሰልፍና ለፖሊስ ግጭት ለስላሳ መጠጥ መፍትሔ የሆነ የሚያስመስል ማስታወቂያ አውጥቶ በማግስቱ ይቅርታ ጠይቆ አንሥቶታል። ወገኑን የቀበረ ሰው ኀዘኑ መሸጫ ሲሆን ያመዋል።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው፤ ከዚህም ባትወጡ ደስ ይለኛል። አንድ ስም፣ አንድ ጥራት፣ አንድ ማሸጊያ ይኑራችሁ። ስሙ ከእህሉ ወይም ከሥራችሁ ይውጣ፤ ከብሔርም ከንጉሥም ከጦር ሜዳም አይውጣ። ፊት ለፊቱ ላይ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እኩል መጠን ባለው ፊደል ይጻፍ። የኦሮምኛውን ጽሑፍ ከሚሴ አካባቢ ላደገ ሰው ስጡ፤ የወሎ ኦሮምኛ አነጋገር ከወለጋው ይለያል፣ ለእህልና ለምግብ የሚባለውን ቃል የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። አዲስ አበባ ተተርጉሞ የመጣውን ሁለት የከሚሴ እናቶች ሳይሰሙት አታትሙ። ብዙ አዛውንት ፊደሉን ስለማያነቡ፣ ገበያ ላይ በድምፅ ማስተዋወቅ ከጽሑፉ ይበልጣል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም (አሚኮ) የኦሮምኛ ፕሮግራም አለው፤ አቅም ሲኖር ዋጋውን ጠይቁ።

ከማስታወቂያ በፊት ሰው ይቅደም። ሰንበቴና ከሚሴ ላይ የአካባቢውን ነጋዴ አከፋፋይ አድርጉ። የምትቀጥሩት ሻጭ የቀበሌውን ቋንቋና ሰው የሚያውቅ ይሁን፤ እንደ ሌላው ሠራተኛችሁ እኩል ይከፈለው፣ ሐሳቡም ይሰማ። ለማስታወቂያ ብቻ ፊቱን የምትፈልጉት ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። በሽያጭ ደብተራችሁ ላይ ደግሞ የደንበኛን ብሔር እንዳትጽፉ። ከተማ፣ ሱቅ፣ የተሸጠው ዓይነትና መጠን ይበቃል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ለሽያጩም አንዳች አይጨምርም።

ይህ ሁሉ ሆኖም የማይፈታው ነገር አለ። መንገድ ሲዘጋ ዕቃችሁ አይደርስም። አንድ ጊዜ የተፈራ ሰፈር በአንድ ጥሩ ማሸጊያ አይከፈትም። በሶ የማይለመድበት ቤትም አለ፤ የቆላው ሰው ማሽላና ማሾ አለው። እዚያ ሾርባው ይሻላችኋል። በሶውን አታስገድዱ። ከጊዜ በኋላ በማሽላ የሚሠራ ነገር ብትጨምሩ ደግሞ፣ እሱ በእርግጥም ሌላ ምርት ስለሆነ ሌላ ማሸጊያ ይገባዋል፤ ለሁሉም ከተማ ይላክ እንጂ።

አፋርኛውን ለጊዜው አቆዩት። የሚጽፍላችሁም የሚያርምላችሁም አፋር ሰው እስክታገኙ ድረስ በተሳሳተ ቃል ከማተም በሰንበቴ ቋንቋውን የሚናገር ሻጭ ቢያስረዳ ይሻላል። ለማተሚያ ቤት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ጥቅል በስቲከር አዘጋጅታችሁ ለአራት እሁድ ሰንበቴ ላይ ሽጡ። ሰዉ ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ የትኛውን መጠን እንደሚያነሣ፣ ምን ጠይቆ እንደሚመልሰው ጻፉ። ማሸጊያውን ከዚያ በኋላ አሳትሙ።